ነፃው የክሬዲት ሪፖርት ድረ ገጽ ከስኮር አፖች ጋር ሲመዘን

አሜሪካ ውስጥ ክሬዲቱ የሚያሳስበው ሰው መጀመሪያ የሚከፍተው ስልኩ ላይ የጫነውን አፕ ነው። ግማሽ ክብ ቅስት፣ መሃሉ ላይ ስኮር የሚባለው ባለ ሦስት አኃዝ ቁጥር፣ ከሥሩ ደግሞ «ይህ ካርድ ይፈቀድልዎታል» የሚል ማስታወቂያ። ቁጥሩ 12 ነጥብ ሲወርድ ቀኑ ይበላሻል፣ 8 ሲጨምር ፊት ይፈካል። ባንክ ብድር ሲከለክል የሚያነሳው ምክንያት ያለው ግን ቅስቱ ላይ ሳይሆን ከቁጥሩ ጀርባ ባለው መዝገብ ውስጥ ነው። ያንን መዝገብ የሰውን የብድር ታሪክ ከሚይዙት ሦስት ድርጅቶች፣ ሙሉውን፣ ያለ አንዲት ሳንቲም የሚሰጠው አኑዋል ክሬዲት ሪፖርት ዶት ኮም (AnnualCreditReport.com) የሚባለው ድረ ገጽ ነው። መልኩ አያምርም፤ ስኮርም አያሳይም። እንዲያም ሆኖ ከክሬዲት አገልግሎቶች ሁሉ ቀድሞ መከፈት ያለበት እሱ ነው።

ድረ ገጹ በማንም በጎ ፈቃድ የመጣ አይደለም። ኮንግረስ በ2003 ያወጣው ሕግ ኢኩፋክስን፣ ኤክስፒሪያንንና ትራንስዩኒየንን ለሚጠይቃቸው ሰው ሁሉ በዓመት አንድ አንድ ሪፖርት በነፃ እንዲሰጡ ስላስገደዳቸው ለዚሁ ያቋቋሙት ነው። በወረርሽኙ ጊዜ፣ በኤፕሪል 2020፣ በዓመት የነበረው በሳምንት ሆነ፤ በ2023 ደግሞ ሦስቱም ቋሚ አደረጉት። ስሙ «ዓመታዊ» ይበል እንጂ በየሳምንቱ ማውጣት ይቻላል። የራስን ሪፖርት ማየት ስኮር ይቀንሳል የሚባለው ወሬ መሠረት የለውም። እርስዎ ያዩበት ምልክት ለአበዳሪ አይታይም፣ አንድ ነጥብም አይወስድም።

አድራሻውን ራስዎ ይጻፉት እንጂ ከማስታወቂያ ላይ አይጫኑ። ከፊቱ «ፍሪ» የሚል ቃል የጨመሩ ተመሳሳይ ስሞች ብዙ ናቸው፤ አብዛኞቹ መጨረሻ ላይ ወርኃዊ ክፍያ ያለው አገልግሎት ይሸጣሉ። መለያው ቀላል ነው፦ እውነተኛው ገጽ የክሬዲት ካርድ ቁጥር በጭራሽ አይጠይቅም። ካርድ ከጠየቀዎት የተሳሳተ በር ገብተዋል።

ፎርሙ አጭር ነው። ሙሉ ስም፣ የትውልድ ቀን፣ ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርና አሁን የሚኖሩበት አድራሻ ይሞላል፤ እዚያ ቤት ሁለት ዓመት ካልሞላዎት የቀድሞውንም ይጠይቃል። ሪፖርቱ ላይ የሶሻልዎ የመጨረሻ አራት አኃዞች ብቻ እንዲታዩ የሚያደርግ ትንሽ ሳጥን አለ። ምልክት ያድርጉበት፤ ፋይሉ አንድ ቀን ለደላላ ወይም ለዘመድ በኢሜይል መላኩ አይቀርም። ከዚያ ከሦስቱ የትኛውን እንደሚፈልጉ ይመርጣሉ፣ እያንዳንዱም ድርጅት በየራሱ ገጽ ማንነትዎን ያጣራል።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። ጥያቄዎቹ ከራስዎ መዝገብ የወጡ ናቸው፦ የመኪና ብድርዎ ወርኃዊ ክፍያ ከእነዚህ የትኛው ነው? ከእነዚህ መንገዶች በየትኛው ላይ ኖረው ያውቃሉ? አንዳንዱ ጥያቄ ስለሌለ ብድር የሚጠይቅ ማጥመጃ ነው፤ ትክክለኛው መልስም «ከተዘረዘሩት አንዱም አይደለም» የሚለው ነው። ሰው ግን ከላይ ካሉት አንዱን መምረጥ ያለበት ስለሚመስለው ይገምትና ይወድቃል። ሰዓት ስለሚቆጠርብዎ የቆዩ አድራሻዎችና የብድር ወረቀቶች አጠገብዎ ይሁኑ። ካልተሳካ በስልክ (877-322-8228) ወይም ፎርሙን አትሞ በፖስታ መጠየቅ ይቻላል፤ በፖስታ የሚጠየቀው ደብዳቤው በደረሳቸው በ15 ቀን ውስጥ ተዘጋጅቶ ይላካል። ሪፖርቱ ሲከፈት ከማንበብዎ በፊት በፒዲኤፍ ያስቀምጡት። ገጹ ከተዘጋ ተመልሶ ላይከፈት ይችላል፤ ስህተት ለማስረም ደግሞ ያ ቀን ያለበት ቅጂ ያስፈልግዎታል።

ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም

ሰው ወደ ዕዳው ዝርዝር እየተጣደፈ የሚያልፈው የመጀመሪያው ክፍል፣ የግል መረጃው፣ ለእኛ ዋናው ነው። የእኛ ስም አጠራር ከእነሱ ፎርም ጋር አይገጥምም። ፎርሙ የቤተሰብ ስም ይላል፤ እኛ ያለን የአባትና የአያት ስም ነው። አንዱ ባንክ መጨረሻ ላይ የአባትን ያስገባል፣ ሌላው የአያትን። «ኃይለ ማርያም» አንዱ ካርድ ላይ ተያይዞ፣ ሌላው ላይ ተለያይቶ ይጻፍና «ማርያም» ብቻዋን የቤተሰብ ስም ሆና ቁጭ ትላለች። «ጸ» አንዱ ወረቀት ላይ በቲና በኤስ፣ ሌላው ላይ በኤስ ብቻ፤ «ቀ» አንዴ በኬ፣ አንዴ በኪው። ለእኛ ያው አንድ ሰው ነው። ለኮምፒውተሩ ግን ሁለት ሰው ሊሆን ይችላል፤ የአንድ ሰው ታሪክ ሁለት ቦታ ሲከፈል ሁለቱም ፋይሎች ቀጭን ይሆናሉ።

የባሰው ተቃራኒው ነው፤ የሁለት ሰው ታሪክ አንድ ፋይል ውስጥ ሲገባ። ወንድማማቾችን ያስቡ፦ የአባት ስም አንድ፣ አድራሻ አንድ፣ የስማቸው መነሻ ፊደልም አንድ ሊሆን ይችላል። የሶሻል ቁጥር አሰጣጥ በዘፈቀደ የሆነው ከ2011 አጋማሽ ወዲህ ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት በአንድ ቀን ያወጡት ቁጥራቸውም ተከታታይ የመሆን ዕድል አለው። የአንዱ ያልተከፈለ የስልክ ሂሳብ ሌላው ፋይል ላይ የሚታየው እንዲህ ባለ መንገድ ነው። ማረጋገጫ ጥያቄዎቹ የማያውቁትን ብድር ደጋግመው ካነሱብዎም ይህንኑ ይጠርጥሩ።

የስም አጻጻፍ ልዩነት ብቻውን ነጥብ አይቀንስም፤ ኖረውበት የማያውቁት አድራሻ ግን ደወል ነው። መፍትሔው የሶሻል ካርዱ ላይ ያለውን አጻጻፍ መሠረት አድርጎ ባንኩን፣ ካርዱን፣ የመኪና ብድሩን ሁሉ ወደ እሱ ማስተካከል፣ ከዚያም የተረፉትን ስሞችና አድራሻዎች እንዲሰርዙ ለሦስቱም ድርጅቶች መጻፍ ነው። ቅደም ተከተሉ እንዳይገለበጥ። ባንኩ ጋ ሳይስተካከል ድርጅቱ ጋ ቢሰረዝ በሚቀጥለው ወር ተመልሶ ይመጣል።

ከመዝገቡ ምን ይነበባል

እያንዳንዱ ሂሳብ ላይ መጀመሪያ የካርዱን ጣሪያ፣ ሊሚቱን፣ ይመልከቱ። የ3,000 ዶላር ካርድ በስህተት 1,000 ተብሎ ከተመዘገበ፣ 600 ዶላር ባላንስ (ካርዱ ላይ ያለ ዕዳ) 20 በመቶ መሆኑ ቀርቶ 60 በመቶ ሆኖ ይቆጠራል። ማንም ዘግይቶ አልከፈለም፣ ማንም ዕዳ አልጨመረም፤ ስኮሩ ግን ይወርዳል።

ቀጥሎ ወራት የተደረደሩበት የክፍያ ሰንጠረዥ አለ፤ ሳጥኖቹ ውስጥ 30፣ 60፣ 90 የሚሉ ቁጥሮች ይታያሉ። እዚህ ላይ ማወቅ ያለብዎ አንድ ደንብ፣ ክፍያ ዘገየ ተብሎ የሚመዘገበው ከመክፈያው ቀን 30 ቀን ሲያልፍ ብቻ መሆኑ ነው። በ5 ወይም በ12 ቀን የዘገየ ሰው ባንኩ ቅጣት ሊያስከፍለው ይችላል እንጂ ሪፖርቱ ላይ መውጣት የለበትም። ስለዚህ ሰንጠረዡ ላይ 30 ተጽፎ የባንክ ስቴትመንትዎ በ12ኛው ቀን እንደከፈሉ ካሳየ፣ በእጅዎ ያለው ጠንካራ ማስረጃ ነው።

ኮሌክሽን የሚባለው፣ ወደ ዕዳ ሰብሳቢ የተላለፈ ዕዳ የሚታይበት ክፍል፣ ብዙ ስህተት ያለበት ነው። የመጀመሪያው አበዳሪ ዕዳውን ለሰብሳቢ ሲሸጥ የራሱን ባላንስ ዜሮ ማድረግ አለበት። ሁለቱም ጋ ባላንስ ከታየ አንድ ዕዳ ሁለት ጊዜ እየተቆጠረ ነው። ዕዳው ሪፖርቱ ላይ የሚቆየው 7 ዓመት ሲሆን፣ የሚቆጠረውም ክፍያው መጀመሪያ ከተቋረጠበት ጊዜ ነው እንጂ አዲሱ ሰብሳቢ ከገዛበት ቀን አይደለም። ሰብሳቢ ቀኑን አዲስ አስመስሎ ካስገባ ሕግ ጥሷል። ከዚህ የሚረዝመው ለምሳሌ ቻፕተር 7 የሚባለው የኪሳራ ዓይነት ነው፤ እሱ 10 ዓመት ይቆያል። የሕክምና ዕዳን በተመለከተ ሦስቱ ድርጅቶች በ2022ና በ2023 ደንባቸውን አላልተዋል፦ ተከፍሎ ያለቀ፣ አንድ ዓመት ያልሞላው፣ ወይም ከ500 ዶላር በታች የሆነ የሕክምና ኮሌክሽን መታየት የለበትም። የ180 ዶላር የሆስፒታል ኮሌክሽን ካዩ ይጠይቁ።

የመጨረሻው ክፍል ማን መዝገብዎን እንደጠየቀ ይነግራል። መኪና የገዛ ሰው ሰባት አበዳሪ በአንድ ቀን ተደርድሮ ሲያይ ይደነግጣል። ሻጩ ማመልከቻውን ለብዙ አበዳሪ ስለሚልክ ነው። ለመኪናና ለቤት ብድር በ14 ቀን ውስጥ የተደረጉ ጥያቄዎች እንደ አንድ ይቆጠራሉ፤ አዳዲሶቹ የፋይኮ (አብዛኛው አበዳሪ የሚያየው የስኮር ዓይነት) ቀመሮች እስከ 45 ቀን ይሰጣሉ። ጥያቄው ሪፖርቱ ላይ ሁለት ዓመት ይታያል፣ ፋይኮ የሚቆጥረው ግን የመጀመሪያዎቹን 12 ወራት ብቻ ነው። ለክሬዲት ካርድ ይህ ምሕረት የለም፤ በአንድ ሳምንት አምስት ካርድ የጠየቀ አምስቱም ይቆጠሩበታል።

እቁብ ሃያ ዓመት ሳያጓድል የጣለ ሰው በዚህ ሁሉ ገጽ ላይ ስሙ የለም። መዝገቡ የሚያውቀው ሪፖርት የተደረገለትን ብቻ ነው።

አፖቹ

ክሬዲት ካርማ በነፃ የሚያሳየው ቁጥር ቫንቴጅስኮር 3.0 ይባላል፤ ቫንቴጅስኮርን ሦስቱ ድርጅቶች በ2006 በጋራ ያወጡት ነው። መረጃውን የሚያመጣው ከትራንስዩኒየንና ከኢኩፋክስ ነው፤ ኤክስፒሪያን የለበትም። አብዛኛው አበዳሪ የሚያየው ግን ፋይኮን ነው። ሁለቱም ከ300 እስከ 850 ስለሚለኩ ሰው አንድ ነገር ይመስሉታል። አፑ 690 ብሎት ባንክ 645 ሲለው ተጭበረበርኩ ይላል፤ የተጭበረበረ ነገር የለም። አንዱን ምክንያት ብቻ እንይ፦ ቫንቴጅስኮር 3.0 ተከፍሎ ያለቀ ኮሌክሽንን ጨርሶ ይተዋል፤ በሰፊው የሚሠራበት ፋይኮ 8 ደግሞ የመጀመሪያው ዕዳ ከ100 ዶላር በታች ካልሆነ በቀር ቢከፈልም ይቆጥረዋል። ኮሌክሽኑን የከፈለ ሰው አፑ ላይ ተነሥቶ ባንኩ ላይ ተኝቶ የሚገኘው ለዚህ ነው። አዲስ የመጣ ሰው ላይም ተመሳሳይ ግራ መጋባት ይደርሳል። ፋይኮ ቢያንስ 6 ወር የሆነው አንድ ሂሳብ ካላየ ቁጥር አያወጣም፣ ቫንቴጅስኮር ግን ከዚያ በፊት ያወጣል። አፑ 660 እያለው ባንኩ «ስኮር የለህም» ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው።

እንደ ማንቂያ ደወል ክሬዲት ካርማ ጥሩ ነው፤ አዲስ ሂሳብ በስምዎ ሲከፈት ቶሎ ያሳውቃል። ነገር ግን ገቢው ከሚያስተዋውቃቸው ካርዶችና ብድሮች መሆኑን አይርሱ። «ዕድልዎ ከፍተኛ ነው» ማለት ተፈቅዷል ማለት አይደለም፤ ስኮርዎ በወረደ ማግስት አዲስ ካርድ እንዲጠይቁ የሚገፋ አፕ አማካሪ ሳይሆን ሻጭ ነው። ለማንቂያነቱ ከአምስት ሦስት ኮከብ እንሰጠዋለን።

የኤክስፒሪያን አፕ በነፃው ክፍል ፋይኮ 8ን ስለሚያሳይ ለአበዳሪው ዓይን ይቀርባል። ችግሩ በየገጹ ወደሚከፈልበት አባልነት የሚጎትት መሆኑ ነው። በነፃ ሙከራ ስም ካርድ ከሰጡ የሙከራው ጊዜ ሲያልቅ ይቆረጣል። ከ2019 ጀምሮ ያለው ቡስት የተባለው አገልግሎት ደግሞ የባንክ ሂሳብዎን አይቶ የስልክ፣ የመብራት፣ የኢንተርኔትና የመሳሰሉትን ክፍያዎች መዝገብዎ ላይ ይጨምራል። ነፃ ነው፣ ያመለጠ ክፍያንም አይጨምርም። ፋይሉ ቀጭን ለሆነ ሰው የሚረዳበት ጊዜ አለ። ግን የሚጨምረው ኤክስፒሪያን ላይ ብቻ ነው፤ ቤት ለመግዛት የሚያስብ ሰው ደግሞ ተስፋውን እዚህ ላይ ባይጥል ይሻላል። የቤት አበዳሪዎች ለብዙ ዓመታት ሲጠቀሙ የቆዩት ፋይኮ 2፣ 4 እና 5 የተባሉትን አሮጌ ቀመሮች ሲሆን፣ ከሦስቱ ድርጅቶች ቁጥር መካከለኛውን ይወስዳሉ። አንዱን ብቻ ማሳደግ መካከለኛውን ላያንቀሳቅሰው ይችላል። ሦስት ኮከብ ተኩል።

86 በመቶ

የፋይኮ ነጥብ 35 በመቶው በሰዓቱ ከመክፈል፣ 30 በመቶው ከዕዳው መጠን፣ 15 በመቶው ከሂሳቦቹ ዕድሜ፣ ቀሪው 10 በ10 ከአዲስ ብድርና ከብድር ዓይነት ይመጣል። የመጀመሪያው ዓመታት ይፈልጋል። ሁለተኛው በአንድ ወር ይቀየራል፣ ግን በደንብ የገባው ሰው ትንሽ ነው።

የካርዱ ሊሚት 500 ዶላር ነው እንበል። ወር ሙሉ ለአስቤዛና ለቤንዚን 430 ዶላር ወጣበት። ስቴትመንቱ በማርች 8 ተዘጋ፣ መክፈያው ኤፕሪል 3 ነው፣ ባለካርዱ ኤፕሪል 1 ላይ 430ውንም ከፈለ። ወለድ የለበትም፣ ዕዳ የለበትም። ሪፖርቱ ላይ ግን 86 በመቶ ተብሎ ተጽፏል። ባንኩ ብዙውን ጊዜ ለድርጅቶቹ የሚልከው ስቴትመንቱ በተዘጋበት ቀን የነበረውን ባላንስ እንጂ በመክፈያው ቀን ያለውን አይደለም። ይህ ሰው ሁልጊዜ በሰዓቱ ይከፍላል፣ ሁልጊዜም ካርዱን የጨረሰ መስሎ ይታያል።

መድኃኒቱ ቀኑን መቀየር ነው። ክፍያው እስኪገባ ሁለት ሦስት የሥራ ቀን ስለሚወስድ በማርች 4 ወይም 5 ላይ 410 ዶላር ይክፈል፤ ስቴትመንቱ ሲዘጋ 20 ዶላር፣ ማለትም 4 በመቶ ብቻ ይታያል። ያችን 20 ደግሞ ከኤፕሪል 3 በፊት ይዘጋል። የመዝጊያው ቀን የወሩ ስቴትመንት ላይ ተጽፏል፤ በግምት አይሥሩ፣ ወሩ 30 ወይም 31 በመሆኑ አንድ ቀን ሊዋዥቅ ይችላል። ብዙ ካርድ ያለው ሰው ሁሉንም ዜሮ አድርጎ አንዱ ላይ ትንሽ ቢያሳይ ጥቂት ነጥብ ይጠቀማል። ይህን ግን «ዕዳ ማሳደር ስኮር ያሳድጋል» ከሚለው ተረት ጋር አያምታቱት፤ ለባንክ ወለድ ከመክፈል የሚገኝ አንድም ነጥብ የለም። «ከ30 በመቶ አይለፍ» የሚባለውም የአጥር ምልክት አይደለም። 29 ከ31 ብዙ አይለይም፤ ከ10 በታች ግን ከሁለቱም ይሻላል።

ደግነቱ ፋይኮ 8 ያለፈውን ወር ባላንስ አያስታውስም። ዛሬ 86 የሆነው በሚቀጥለው ወር 4 ከሆነ ነጥቡም ይመለሳል። አዲሶቹ ፋይኮ 10ቲ እና ቫንቴጅስኮር 4.0 ግን የወራቱን አካሄድ ስለሚያዩ፣ ከማመልከቻው በፊት አንድ ወር ብቻ ማሳመር በእነሱ ዘንድ ያን ያህል አይሠራም።

ስህተት ሲገኝ

ሦስቱም ድርጅቶች በኢንተርኔት ዲስፒዩት፣ ማለትም ስህተት ይታረም የሚል ተቃውሞ፣ ይቀበላሉ፤ ፈጣን ነው፣ ለቀላል ነገር ይበቃል። የተደባለቀ ፋይል፣ የተቀየረ ቀን ወይም ሁለት ጊዜ የተቆጠረ ዕዳ ከሆነ ግን በፖስታ ይሁን። የኢንተርኔቱ ፎርም ከተዘጋጁ ምክንያቶች አንዱን አስመርጦ ጉዳዩን አንድ መስመር ያደርገዋል። ደብዳቤ ሲሆን የሰንጠረዡን ቅጂ አክብቦ፣ የባንክ ስቴትመንቱን አያይዞ፣ «ይህ ሳጥን ስህተት ነው፣ ማስረጃው ገጽ 2 ላይ ነው» ማለት ይቻላል። አድራሻዎቹ፦ ኤክስፒሪያን ፖ.ሳ.ቁ. 4500፣ አለን፣ ቴክሳስ 75013፤ ኢኩፋክስ ፖ.ሳ.ቁ. 740256፣ አትላንታ፣ ጆርጂያ 30374፤ ትራንስዩኒየን ፖ.ሳ.ቁ. 2000፣ ቼስተር፣ ፔንሲልቫኒያ 19016። በአደራ ፖስታ፣ የመቀበያ ደረሰኝ አስደርገው ይላኩ። የመታወቂያና የአድራሻ ማስረጃ ኮፒ ይግባበት፤ ዋናውን ግን በፍጹም አይላኩ።

ደብዳቤው በእጃቸው ከገባ 30 ቀን አላቸው፤ በነፃው ዓመታዊ ሪፖርት ላይ ተመሥርቶ የቀረበ ከሆነ ወይም መሃል ላይ ተጨማሪ ማስረጃ ከላኩ እስከ 45 ይደርሳል። ስለዚህ ወረቀቱን ሁሉ በአንድ ፖስታ ያድርጉት እንጂ አይቆራርጡት። ያንኑ ደብዳቤ መረጃውን ላስገባው ባንክ ወይም ሰብሳቢም ይላኩ። ይህ ብዙ ሰው የሚዘለው ደረጃ ነው፤ ድርጅቱ «አረጋግጠናል» የሚለው ባንኩን ጠይቆ ባንኩ «ልክ ነው» ሲለው ነውና ምንጩ መስተካከል አለበት። ሁለቱም እምቢ ካሉ ለፌዴራሉ የሸማቾች ፋይናንስ ጥበቃ ቢሮ በኢንተርኔት አቤቱታ ማስገባት ይቻላል።

ይህንኑ ሥራ በወር ክፍያ እንሠራልዎታለን የሚሉ «ክሬዲት ጠጋኞች» አሉ። በሕግ ሥራውን ሳይሠሩ ገንዘብ መቀበል አይችሉም፤ ውሉ በጽሑፍ መሆን አለበት፤ በሦስት የሥራ ቀን ውስጥም ያለ ምክንያት መሰረዝ ይችላሉ። ከእነዚህ አንዱን የማያሟላ ካጋጠመዎት ይውጡ። ብዙዎቹ የሚያደርጉት መጥፎውን ሁሉ፣ እውነተኛውንም ጨምሮ፣ በጅምላ መቃወም ነው፤ እውነት የሆነው ለጊዜው ተነሥቶ ሊመለስ ይችላል። «አዲስ ባለ ዘጠኝ አኃዝ ቁጥር እንሰጥዎታለን፣ በሶሻል ፋንታ ይጠቀሙበት» ካሉ ደግሞ ጉዳዩ ከአገልግሎት ወደ ወንጀል ተሻግሯል፤ ማመልከቻው ላይ የፈረሙት እርስዎ ስለሆኑ ተጠያቂውም እርስዎ ነዎት። ኮከብ የለንም።

ፋይሉ ባዶ ለሆነ ሰው በማስያዣ የሚሰጥ ካርድ በቂ መነሻ ነው። 200 ወይም 300 ዶላር ያስይዛሉ፣ ሊሚቱም ብዙ ጊዜ ያው ይሆናል። ከመውሰድዎ በፊት አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቁ፦ ለሦስቱም ድርጅቶች ሪፖርት ያደርጋል? ዴቢት ካርድና አስቀድሞ የሚሞላ ካርድ አሥር ዓመት ቢጠቀሙበት ክሬዲት አይሠሩም። ዘመድ በቆየ ካርዱ ላይ ተጠቃሚ አድርጎ ቢያስገባዎት የካርዱ ዕድሜና ጥሩ ታሪክ ወደ እርስዎም ይመጣል፤ እሱ ካርዱን ከሞላው ግን ያም ይመጣል።

ለዘመድ መኪና መፈረምን በተመለከተ፣ ቃሉ ያሳስተናል። «ዋስ» ስንል ባለዕዳው ሲጠፋ የሚጠራ ሰው ነው የሚመስለን። እዚህ አገር ኮሳይን ያደረገ ሰው ግን ከመጀመሪያው ቀን ባለዕዳ ነው፦ 28,000 ዶላሩ ሙሉውን ፋይሉ ላይ ይወጣል፣ የቤት ብድር ሲጠይቅም እንደ ራሱ ዕዳ ይያዛል፣ ዘመዱ 30 ቀን ካለፈው ሁለቱም ላይ ይመዘገባል። ባንኩ አስቀድሞ ለፈራሚው መደወል አይጠበቅበትም። መፈረም የግድ ከሆነ የብድሩን ሂሳብ በራስዎ ስልክ ማየት እንዲችሉ መግቢያውን በዚያው ቀን ያስከፍቱ።

ወደ ድረ ገጹ እንመለስና፣ ከአምስት አራት ተኩል እንሰጠዋለን። ግማሹን ያጣው ሰው በሚጥሉት ጥያቄዎቹና ስኮር ባለማሳየቱ ነው። ዛሬ ሦስቱንም አውርደው ካነበቡና ብድር የመጠየቅ ሐሳብ ከሌለዎት፣ በዚያው መቀመጫ ሦስቱም ድርጅቶች ጋ ፋይልዎን ፍሪዝ ያድርጉ፣ ማለትም አዲስ አበዳሪ እንዳያየው ይዝጉት። ከሴፕቴምበር 2018 ጀምሮ በመላ አገሪቱ ነፃ ነው፤ በስልክ ወይም በኢንተርኔት ሲጠይቁ በአንድ ሰዓት ውስጥ እንዲያነሱልዎ ሕግ ያስገድዳቸዋል። ገጹ ላይ ከፍሪዙ አጠገብ «ሎክ» የሚል ሌላ ቁልፍ ያገኛሉ፤ እሱ በሕግ የተደነገገው ፍሪዝ ሳይሆን የድርጅቱ የራሱ አገልግሎት ነው፣ አንዳንዴም ከሚከፈልበት አባልነት ጋር ታስሮ ይመጣል። ፍሪዝ የሚለውን ይጫኑ።